«34 ሰነድ አለኝ፣ እኔ ግን የለሁበትም»፦ ለፓራፕላነር የመጨረሻ ምዘና ስለመዘጋጀት

ጥያቄ፦ «እንግሊዝ ሊድስ ከተማ፣ አንድ አነስተኛ የፋይናንስ ምክር ድርጅት ውስጥ በፓራፕላነር (ለፋይናንስ አማካሪ ምርምርና ሪፖርት የሚያዘጋጅ ባለሙያ) አፕረንቲስነት መሥራት ከጀመርኩ 20 ወር ሆነኝ። ከአር 01 እስከ አር 06 ያሉትን የፋይናንስ ምክር ሙያ ፈተናዎች አልፌያለሁ። አሠልጣኜ በስድስት ሳምንት ውስጥ ጌትዌይ (ለመጨረሻው ምዘና ብቁ መሆኔ የሚረጋገጥበት ደረጃ) እንደምንገባ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ በአንድ የደንበኛ ጉዳይ ላይ የሚሠራ የጽሑፍ ሥራና በፖርትፎሊዮዬ ላይ የሚደረግ የሙያ ውይይት ይቀረኛል። 34 ሰነድ ሰብስቤያለሁ፤ አሠልጣኜ ግን ካየችው በኋላ ‹አንቺ የለሽበትም› አለችኝ። ሰው ፊት ስሆን ደግሞ እንግሊዝኛዬ ይተሳሰርብኛል። የጡረታውን መጽሐፍ እንደገና ላንብብ ወይስ ምን ላድርግ? ወደፊት አማካሪ መሆን እንደምፈልግ ብናገርስ ይጎዳኛል? እርስዎ በሙያው ስለቆዩ ምክርዎን እፈልጋለሁ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ከአጻጻፍሽ ታናሼ እንደሆንሽ ስለገመትኩ «አንቺ» ማለቴን አትቀየሚኝ።

መጽሐፉን ዝጊው። የጡረታውን ፈተና አልፈሽዋል፤ ስለ ዕውቀትሽ ሰርተፍኬቱ መስክሮልሻል። አሁን ፊትሽ የሚቀመጠው መዛኝ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ያንን ዕውቀት ይዘሽ ጠረጴዛሽ ላይ በመጣው ፋይል ምን አደረግሽ? ለምን? ሌላ መንገድ እያለ ለምን ተውሽው? የዚህ መልስ ያለው በራስሽ ፋይሎች ውስጥ ነው።

አስቀድመሽ ግን የምዘና ዕቅዱን በወረቀት አትሚው። ዕቅዱ በየጊዜው ይሻሻላል፤ አንቺን የሚመለከትሽ የተመዘገብሽበት ቅጂ ነው። አምና የጨረሰች ጓደኛሽ «እኔን እንዲህ ጠየቁኝ» ብትልሽ ስሚያት፣ በእሷ ልክ ግን አትዘጋጂ። ሁለት ማድመቂያ ያዢና በአንዱ ለማለፍ የሚጠየቀውን፣ በሌላው ለከፍተኛው ውጤት የሚጠየቀውን ቀቢ። ልዩነቱን ግሶቹ ላይ ታገኚዋለሽ። ታችኛው «ያስረዳል» ካለ ላይኛው «ይመዝናል» ወይም «ምክንያቱን ያሳያል» የሚል ይሆናል። ውይይቱ ላይ ጥያቄ ሆነው የሚመጡብሽ እነዚያው ግሶች ናቸው።

አሁን ወደ «አንቺ የለሽበትም» ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ሐበሾች ደጋግመን ስንደናቀፍ ያየሁት እዚህ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን የልምምድ ውይይት ሳደርግ አለቃዬ አንድ ወረቀት ይዞ ጭረት ሲጭር ነበር። ስንጨርስ ወረቀቱን አዞረልኝ። 23 ጭረት። «‹እኛ› ያልክበት ብዛት ነው» አለኝ። ሪፖርቱን አዘጋጀን፣ ጡረታ አቅራቢው ጋ ደወልን፣ ስህተቱን አገኘን… ያ ሁሉ ሥራ የእኔ ብቻ ነበር! ግን እኛ ቤት «እኔ እኔ» የሚል ልጅ በምን ዓይን እንደሚታይ ታውቂዋለሽ። ሰው ያመስግንህ እንጂ ራስህን አታመስግን ተብለን ነው ያደግነው።

መዛኙ ድርጅትሽን ሊመዝን አልመጣም። «እኛ» ባልሽ ቁጥር የትኛው ሥራ የአንቺ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል፤ ለይቶ ላላየው ሥራ ደግሞ ነጥብ መስጠት አይችልም። ስለዚህ «እኔ» ማለትን እንደ ጉራ አትቁጠሪው፤ የሥራ ድርሻን ማስመዝገብ ነው። ዕድር ላይ ማን ድንኳን እንደተከለ፣ ማን ወጥ እንደሠራ ሲቆጠር ማንም ጉራ ነው አይልም።

በተቃራኒውም አትሳሳቺ። ፓራፕላነር ምርምሩን ይሠራል፣ ያነጻጽራል፣ ይጽፋል፣ አማካሪውን ይሞግታል፤ ምክሩን ለደንበኛው የሚሰጠውና ኃላፊነቱን የሚወስደው ግን አማካሪው ነው። «ደንበኛዋ ጡረታዋን እንድታዛውር መከርኳት» ካልሽ መዛኙ ወዲያው ብዕሩን ያነሳል። «አማካሪው ማዛወሩን እያሰበ ነበር፤ እኔ የነባሩን ፖሊሲ ዝርዝር ከአቅራቢው ሳስመጣ የተረጋገጠ የአኑዊቲ (ዕድሜ ልክ የሚከፈል የጡረታ ገቢ) ተመን እንዳለው አገኘሁ፤ ብታዛውር ምን እንደምታጣ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት፤ ሐሳቡን ለወጠ» ብትይ ግን ድርሻሽም ድንበርሽም ይታያል።

አንድ ፋይል ከፍቼ ላሳይሽ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ያስተካከልኳቸው፤ ዓይነቱ ግን በየሳምንቱ የሚገባ ነው።

ደንበኛው ዓመታዊ ደመወዙ 112,000 ፓውንድ ነው፤ የ3 ዓመት ልጅ አለው፤ ሚስቱም ትሠራለች። አማካሪው በታክስ ዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ሊያስጨምረው ያስባል። ደካማው የፖርትፎሊዮ ጽሑፍ «የጡረታ መዋጮ የታክስ ጥቅም እንዳለው ለደንበኛው የሚያስረዳ ሪፖርት አዘጋጀን» ይላል። ትክክል ነው፣ ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል።

ጠንካራው እንዲህ ይቆጥራል። ገቢው ከ100,000 በላይ ስለሆነ ከታክስ ነፃ የሆነው 12,570 ፓውንድ፣ በየ2 ፓውንዱ ትርፍ 1 ፓውንድ እየተሸረፈበት ነው፤ እስካሁን 6,000 አጥቷል። በጠቅላላ 12,000 ጡረታ ውስጥ ቢያስገባ፣ ከኪሱ 9,600 ይከፍላል፤ አቅራቢው 2,400 ከመንግሥት ጠይቆ ይጨምርለታል። የተስተካከለው ገቢው፣ ማለትም የጡረታ መዋጮው ተቀንሶ የሚቆጠረው፣ 100,000 ላይ ይወርዳል፣ የተሸረፈው 6,000 ይመለሳል፣ በታክስ ማስታወቂያው ደግሞ ሌላ 4,800 ያስመልሳል። 12,000 ጡረታ ውስጥ ገባ፣ ከራሱ የወጣው 4,800 ብቻ ነው። የታክስ ጥቅሙ 60 በመቶ መሆኑ ነው።

እዚህ ድረስ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ይደርሳል። የሚለይሽ ቀጥሎ ያለው ነው። ፋክት ፋይንዱን (ስለ ደንበኛው ገቢ፣ ወጪና ሀብት መረጃ የተሞላበትን ቅጽ) ሳገላብጥ ደንበኛው ባንክ ያለው ቁጠባ በዓመት 300 ፓውንድ ገደማ ወለድ እንደሚያስገኝለት አየሁ። ወለዱ ታክስ ላይከፈልበት ይችላል፤ የተስተካከለው ገቢ ውስጥ ግን ይቆጠራል። ስለዚህ በ12,000 መዋጮ ገቢው 100,300 ላይ ይቆማል። ከወላጆች አንዱ እንኳ ከ100,000 በአንድ ፓውንድ ካለፈ ከሳምንታዊው 30 ሰዓት ነፃ የሕፃናት እንክብካቤ ለሠራተኛ ወላጆች ብቻ የሚሰጠው 15 ሰዓትና ለልጅ በዓመት እስከ 2,000 ፓውንድ የሚደርሰው የመንግሥት ድጎማ ይቀርበታል። በ300 ፓውንድ ወለድ የልጁ መዋያ ተበላ ማለት ነው። ለአማካሪው የጻፍኩት ማስታወሻ ሁለት መስመር ነበር፦ መዋጮው ቢያንስ 12,300 ይሁን፤ የዓመቱ ቦነስ ካለ ከመጋቢት በፊት እንጠይቅ።

ይህን ስትናገሪ ሌላኛውን ጎን መዛኙ ሳይጠይቅሽ ራስሽ አንሺው። ገንዘቡ እስከ 55 ዓመቱ ይቆለፋል፤ ያ ዕድሜ ከሚያዝያ 2028 ጀምሮ 57 ይሆናል። ለክፉ ቀን የያዘው ቁጠባ 9,840 ወጥቶለት ስንት ወር ያቆየዋል? የታክስ ጥቅሙን ብቻ የሚያወራ ፓራፕላነር ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

እንግዲህ 34ቱን ሰነድ በዚህ ዓይን እዪ። ዕቅዱ የሚፈቅደውን ብዛት አረጋግጪና ቀንሺ፤ ደፍረሽ ቀንሺ። አንድ ጥሩ ፋይል አምስት ስድስት መስፈርት ይሸፍናል። ተመሳሳይ የተስማሚነት ሪፖርት (ምክሩ ለደንበኛው ለምን እንደሚስማማ የሚያስረዳ) ሰባት ጊዜ ማስገባት ሰባት ጊዜ ቡና እንደ ማፍላት ነው፤ መጀመሪያ ያፈላሽው አቦል ይበቃ ነበር። እያንዳንዱ ሰነድ ፊት ላይ ግማሽ ገጽ ጻፊ፦ ጉዳዩ ምን ነበር፣ የእኔ ድርሻ ምን ነበር፣ የትኛው ነጥብ ላይ ወሰንኩ፣ ዛሬ ብሠራው ምን እለውጣለሁ። አሠልጣኝሽ «የለሽበትም» ያለችው ይህ ግማሽ ገጽ ስለጎደለ ይመስለኛል።

አንድ የተበላሸ ሥራም አስገቢ። የምሬን ነው። ከኮምፕላየንስ (ሥራው ደንቡን መጠበቁን ከሚያጣራው ክፍል) ተመልሶ የመጣ ሪፖርት፣ ቀይ ምልክቱ እንዳለ፣ ከታረመው ጎን ለጎን አድርገሽ። ሁሉም ነገር ንጹሕ የሆነበት ፖርትፎሊዮ ያጠራጥራል፤ ከስህተት የተማረ ሰው ግን መልሱን መፈብረክ አያስፈልገውም።

የደንበኛን ማንነት ስለመሰወር አንድ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። በፒዲኤፍ ላይ ስሞቹን በጥቁር ሣጥን ሸፍኜ፣ ኮርቼ ላክሁ። አሠልጣኙ ሣጥኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ መርጦ ኮፒ አድርጎ መልሶ ላከልኝ፤ ስሙ፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሩ፣ ሁሉም እዚያው ነበር። መሸፈን ማጥፋት አይደለም። ጽሑፉን ከመነሻው ሰርዢ ወይም አትመሽ፣ በጥቁር ቀለም ደምስሰሽ እንደገና ስካን አድርጊ። የፋይሉን ስም ራሱን አትርሺ፤ ብዙ ጊዜ የደንበኛው ስም እዚያ ላይ ተቀምጦ ይስቅብሻል።

ስለ ኮንሲዩመር ዲዩቲ፣ ድርጅቶች ለደንበኛ መልካም ውጤት እንዲሠሩ ስለሚያስገድደው ደንብ፣ መጠየቅሽ አይቀርም። «ከሐምሌ 31 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ አራት ውጤቶች አሉት» ብሎ መዘርዘር የፈተና መልስ ነው። አንቺ ድርጅትሽ ውስጥ የነካሽውን አንድ ነገር ይዘሽ ግቢ። ለምሳሌ ሪፖርቱ ላይ ያለው የክፍያ ሠንጠረዥ በመቶኛ ብቻ ከነበረና አንቺ በፓውንድ እንዲጻፍ ካደረግሽ፣ ያ ደንበኛ እንዲረዳ ማድረግ ይባላል። ባሏ የሞተባትን ደንበኛ ስብሰባ አማካሪሽ እንዲያራዝመው ሐሳብ ካቀረብሽም የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ኤፍሲኤ የደንበኛን ተጋላጭነት ከሚያይባቸው አራት ምክንያቶች፣ ማለትም ከጤና፣ ከሕይወት ገጠመኝ፣ ችግርን ከመቋቋም አቅምና ከገንዘብ ዕውቀት፣ ሁለተኛውን በሥራ አሳይተሻል።

አንቺ ብቻ ልታቀርቢው የምትችዪው ዓይነት ማስረጃም አለ፤ ካለሽ አትተዪው። እኔ ጋ አንዲት የእኛው አገር ደንበኛ ነበረች። እጇ የሚገባው በወር 2,900፣ ቅጹ ላይ የተጻፈው ወጪ 2,250፣ ትርፉ 650 ፓውንድ። አማካሪው በየወሩ 500 በአይሳ (ትርፉ ታክስ በማይከፈልበት ሒሳብ) እንድታስቀምጥ አስቧል። ቅጹ ላይ ግን ለእናቷ የምትልከው 250፣ የዕቁቡ 300ና የዕድሩ 20 አልነበሩም፤ ቅጹ አልጠየቀ፣ እሷም «የገንዘብ ወጪ» ሲባል እነዚህ ይቆጠራሉ ብላ አላሰበች። እውነተኛው ትርፍ 80 ፓውንድ ነው። አማካሪው ደውሎ እንዲያጣራ ጥያቄውን ያዘጋጀሁለት እኔ ነበርኩ። ዕቁቡ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ዕጣው ወጥቶላታል ወይስ ገና ነው? ካልወጣላት ቁጠባ ነው፤ ወጥቶላት ከሆነ የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው። በሀብትና ዕዳ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቦታ ይገለበጣል። ወጥቶላት ነበር።

ይህን የመሰለ ገጠመኝ ካለሽ ኪሳራን የመሸከም አቅምን ለማስረዳት ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ከሌለሽ ግን እንዳትፈጥሪ፤ ሁለት ተከታታይ ጥያቄ ሲመጣ ይፈርሳል። ሲኖርሽም ስለ ባህላችን ሌክቸር አታድርጊው፤ ዕቁብን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረድተሽ ወደ ቁጥሩ ሂጂ።

ስለ ጽሑፍ ሥራው ያን ያህል አልጨነቅም፤ አር 06ን ያለፈ ሰው የጉዳይ አያያዝ አያጣም። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት የትኛው የታክስ ዓመት እንደሆነ እዪ። የድርጅትሽን የቆየ ቅጽ እየቀዳሽ ላይፍታይም አላውንስን (የድሮውን የጡረታ ጠቅላላ ጣሪያ) ብትጽፊ ያሳፍራል፤ ከሚያዝያ 6 ቀን 2024 ጀምሮ ተሰርዟል፤ አሁን ያለው ከታክስ ነፃ በጥቅል ማውጣት ላይ የተቀመጠው 268,275 ፓውንድ ጣሪያና ጓደኞቹ ናቸው። በካፒታል ትርፍ ላይ ያለው ተመንም በጥቅምት 30 ቀን 2024 በአንድ የታክስ ዓመት መሐል ተለውጧል። ከሚያዝያ 2027 ጀምሮ ያልተነካ ጡረታ ውርስ ታክስ ውስጥ ሊገባ ስለሆነ «ጡረታውን ለልጆች ተወው» የሚለው የድሮ አንቀጽም እንደገና ይታሰብበት። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ላይ የጎደለ መረጃ ካለ ግምት ወስደሽ ዝም ብለሽ አትለፊ፤ ምን እንደጎደለ፣ ማንን እንደምትጠይቂ፣ እስኪመጣ ምን ግምት እንደወሰድሽ ጻፊ።

ስለ እንግሊዝኛሽ። የሚመዘነው አነጋገርሽ ሳይሆን ይዘቱ ነው። ጥያቄው ካልገባሽ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ትችያለሽ፤ ከመመለስሽ በፊት አሥር ሰከንድ ዝም ማለትም ነውር የለውም። የንባብ ችግርን የመሰለ ማስተካከያ የሚያስፈልገው ነገር ካለሽ ግን ምዘናው ቀን ላይ አትናገሪ፤ ጌትዌይ ላይ ወይም ከዚያ በፊት አስመዝግቢው።

ልምምዱን እንዲህ አድርጊው። አንዱን ፋይል መጀመሪያ በአማርኛ ለቤተሰብ ሰው አስረጂ። እናትሽ ካለች ለእሷ። «ካሪ ፎርዋርድ» የሚለውን ቃል ሳትጠሪ «ባለፉት ሦስት የታክስ ዓመታት ጡረታ ውስጥ ማስገባት ስትችዪ ያላስገባሽው ካለ፣ በእነዚያ ዓመታት የጡረታ አባል እስከነበርሽ ድረስ፣ የዘንድሮውን የ60,000 ፓውንድ ጣሪያ ከጨረስሽ በኋላ ከሩቁ ዓመት ጀምረሽ መጠቀም ትችያለሽ» ማለት ከቻልሽ ነገሩ ገብቶሻል። እሷ «ታዲያ ያን ያህል ደመወዝ ከሌለኝስ?» ብላ ከጠየቀችሽ ደግሞ ከመዛኙ አትተናነስም፤ በራስሽ መዋጮ የታክስ ጥቅም የምታገኚው በዓመቱ ባገኘሽው የሥራ ገቢ ልክ ነውና። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ስልክሽ ላይ ቅጂና መልሰሽ ስሚው። ምላስሽ የሚተሳሰረው ቃል ስለጠፋሽ ነው ወይስ ሐሳቡ ስላልጠራ? እኔን ብዙ ጊዜ የያዘኝ ሁለተኛው ነበር።

ጌትዌይን በተመለከተ፣ መግቢያው ላይ አንቺም ድምፅ አለሽ። አሠሪሽ ጉዳዩን ለመዝጋት ቢቸኩል፣ አሠልጣኝሽም ቀን ብትቆርጥ፣ ፖርትፎሊዮው ላይ እጅሽ ካልታየ «አራት ሳምንት ጨምሩልኝ» በይ፤ በጽሑፍ። ስድስቱን ሳምንት ግን እኔ ብሆን ሁለቱን ሰነድ በመምረጥና ግማሽ ገጾቹን በመጻፍ፣ ሁለቱን ጮክ ብሎ በመለማመድ፣ አንዱን በልምምድ ጉዳይ ላይ እየቆጠርኩ እጠቀምባቸው ነበር። የመጨረሻውን ምንም አልሠራበትም። ትንሽ እንቅልፍ።

አማካሪ መሆን ስለመፈለግሽ፦ ከተጠየቅሽ ተናገሪ። ስድስቱን ፈተና ያለፍሽ ሰው ለአማካሪነት የሚጠየቀውን የደረጃ 4 ብቃት ይዘሻል፤ መዛኙም ያውቀዋል፣ አይደነቅም። የሚጎዳሽ ፓራፕላነርነቱን የአውቶቡስ መጠበቂያ አስመስለሽ ካወራሽው ነው። የ300 ፓውንዷን ወለድ ያገኘሽ ዓይነት ሰው ሆነሽ፣ «ይህን ደንበኛው ፊት ተቀምጬ ራሴ ማስረዳት የምፈልግበት ቀን ይመጣል» ብትይ ግን ማን ይቃወምሻል? የልማት ዕቅድሽ ላይ መጀመሪያ የሚገባው ነገር፣ አማካሪሽ ደንበኛ ሲያነጋግር አጠገቡ ተቀምጠሽ ማስታወሻ መያዝ ነው። ነገውኑ ጠይቂው።